የጥጥ መጋዘኑ ወፍ

ያ አስተርጓሚ «ወፍ» ማለት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም ነበር? ዕድሜዬ ሰማንያን ተሻግሮ፣ ዓይኔም ያለ መነጽር ፊደል መለየት ካቃተው በኋላ እንኳ ይህን አንድ ጥያቄ አነሣለሁ፣ እጥላለሁ። ለብዙ ነገር መልስ ፍለጋ መጽሐፍ ገልጫለሁ። የዚህኛው መልስ ግን መጽሐፍ ውስጥ የለም። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀርቷል።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ቴሌቪዥን ነው። እኔ ራሴ ቴሌቪዥን የለኝም፤ ከአሮጌ ሬዲዮዬ በቀር ቤቴ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ነገር የለም። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ሴቶች ልጆች «እትዬ ዘሀራ፣ ዛሬ የወንጀል ፊልም አለ፤ ብቻዎን ከሚቀመጡ ይምጡና አብረን እንይ» አሉኝና ሄድኩ። ሸዋ ሮቢት ከቀትር በኋላ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ማራገቢያው ያንኑ ሙቅ አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲገፋ ይውላል፣ በመስኮቱ የባጃጅ ጩኸት ይገባል። ፊልሙ የማይረባ ነበር። ገዳዩ አሻራው እንዳይገኝ ጓንት አጥልቆ ይገባና፣ ሲወጣ ጓንቱን ስሙ ከተጻፈበት ቦርሳ ጋር ጥሎት ይሄዳል። ፖሊሶቹ ቦርሳውን አንድ ሰዓት ሙሉ አያዩትም፤ እኔ ግን ከሶፋው ላይ ሆኜ አየሁት። መጨረሻ ላይ መርማሪው የተጠረጠሩትን ሁሉ ሳሎን ሰብስቦ፣ በሩን አዘግቶ፣ «ከመካከላችሁ አንዱ ነው» ሲል ከአፌ አመለጠኝ። «ወፉ ማን ነው?» አልኩ።

ልጆቹ ተያዩ። «የምን ወፍ፣ እትዬ? ወፍ የለም እኮ» አለችኝ ትንሿ። ትልቋ አንገቷን ደፍታ ሳቀች፤ አረጁ ማለቷ ነው። አልተቀየምኳትም። ፊልሙ ሲያልቅ አመስግኜ ወጣሁ፤ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፍ ብይዝም መስመሩ ይጠፋብኛል።

የጣሊያን ጊዜ ነው። ስንተኛው ዓመት እንደነበር አትጠይቁኝ። እኔ የማስታውሰው ዓመቱን ሳይሆን፣ አንድ ደህና ኩታ ሁለት ጠገራ ብር ያወጣ እንደነበር፣ ጣሊያን ያመጣውን የወረቀት ሊሬ ግን ባላገሩ እንደ ደረቅ ቅጠል በሁለት ጣቱ ይዞ ገልብጦ እያየ ይመልሰው እንደነበር ነው። ወንዶቹ ሽርጥ አገልድመው፣ ሴቶቹ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው ገበያ ይወጣሉ። አሁን ነዳጅ ማደያ ከቆመበት ፊት ለፊት አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ነበር፤ ቅቤና እርጎ ሻጮች ጥላውን ተከትለው ስለሚዞሩ፣ ሰዓት የሌለን ሰዎች ጊዜውን የምንገምተው እነሱ የተቀመጡበትን አይተን ነበር። አዲሱ መንገድ ተቆርጦ ካሚዮኖቹ ወደ ደሴ ሲያልፉ ነጂዎቹ የሚዘፍኑት አንድ ዜማ ነበር። ቃሉ ስላልገባን እኛ ሴቶች ልጆች የራሳችንን ቃል አበጀንለት፤ ስለ ጎመን፣ ስለ አህያ፣ ስለ አንዲት ስስታም እንጀራ እናት። ዜማው እስከ ዛሬ ይመጣብኛል። ከእኔ ጋር የዘፈኑት ግን አንዳቸውም በሕይወት የሉም፤ ስለዚህ የጎመኑን ስንኝ ብረሳው የሚያስታውሰኝ ሰው የለም።

አባቴ ሰይድ ሸማኔ ነበር። ዘሩ ከአርጎባ ነው፤ የሠራውን አልዩ አምባ ድረስ ወስዶ ይሸጥ ነበር። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ፣ ሦስተኛ ደግሞ የሽመና ዕቃው ነበር። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው የሚሠራው፤ አባቴም ግማሽ አካሉ መሬት ውስጥ፣ ግማሹ ከድሩ ጋር ሆኖ ይውላል። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ማግ አጠነጥንለታለሁ። መወርወሪያው ሲሄድና ሲመለስ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ እኔ መቁጠር የተማርኩት በእሱ ነው። ያኔ ብዙ እናወራ ነበር። «ዘሀራ፣ ዛሬ ይቺ ድር ምን አለችሽ?» ይለኛል። «ቸኩለሃል አለች» እለዋለሁ። ይስቃል። ያን ሳቅ በልጅነቴ ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ ብዬ የምቆጭበት ጊዜ አለ።

አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ለፈጅር ሰላት መስጊድ እንደሄደ ከወትሮው ዘግይቶ ተመለሰ። እኔ ነቅቼ ነበር፤ ግን ዓይኔን አልገለጥኩም። ከኩታው ሥር የተጠቀለለ ሽቦ አወጣ። እግሩን ከሚያሳርፍበት ጉድጓድ ወለል አፈሩን በእጁ ጫረና ቀበረው፤ ደልድሎ ረገጠው፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ መሥራት ጀመረ። ረፋዱ ላይ ከተማው ተናወጠ። ከሮቢት ወጣ ብሎ የስልክ ሽቦ ተቆርጧል። ከተማውን የሚገዛው የጣሊያን ካፒቴን ሰው አሰብስቦ፣ የቆረጠው ሲገኝ እዚያው ሮቃው ላይ እንደሚሰቀል አስነገረ። ቅቤ ሻጮቹ ለሁለት ቀን ከዛፉ ሥር አልተቀመጡም። እኔ ማግ ሳጠነጥን ዓይኔ ከአባቴ እግር አይነሣም ነበር። ሽቦውን ለማን ሊሰጥ እንዳሰበ፣ ራሱ ይቁረጠው ሌላ ሰው ይስጠው፣ አልጠየቅኩትም። ማየቴን አያውቅም። ከእሱ የደበቅሁት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ወይም ዐሥር ይሆነኛል።

አሁን ስለ አውጫጭኝ መናገር አለብኝ፤ የዛሬ ልጆች ቃሉንም አያውቁት። ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲሰረቅና ሌባው ሲጠፋ፣ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሽማግሌው «ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገር» ይላል። ያየ ሰው አደባባይ ቆሞ ከጎረቤቱ ጋር ደም እንዳይቃባ ከፈራ፣ ለብቻው ለሽማግሌዎቹ ሹክ ይላል። ያን ሰው ስሙን አይጠሩትም፤ «ወፍ» ይሉታል። ወፍ እንዲህ አለች፣ ወፍ እንዲህ አየች ይባላል። ወፏ ማን እንደሆነች ማንም አይጠይቅም። ከሽቦው ነገር በፊት በነበረው በጋ በሬ ተሰርቆ አውጫጭኝ ተቀምጦ ነበር። የመሩት አባ ያሲን የሚባሉ፣ ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ የሚሰማ፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ። ሌባውን አይታ የደበቀች አንዲት ሴት ኋላ ተደርሶባት አገር አገለላት፤ እሳት እንኳ የሚያጭራት ጠፋ። ልቅሶዋን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አይቶ ዝም ማለት ምን እንደሚያመጣ ከዚያች ሴት ነው የተማርኩት። ወፍ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለብቻ እንደምትናገር ግን ያስተማረኝ አልነበረም። ሴቶችና ልጆች ራቅ ብለን ስለምንቀመጥ ሹክ ሲባል አላየንም፤ የሰማነው ቃሉን ብቻ ነው።

ሽቦው ከተቆረጠ ሳምንት ሳይሞላው ሲኒማ መጣ። በካሚዮን ነው የመጣው፤ የመብራቱን ኃይል የሚሰጠው ራሱ ሞተሩ ነበር። ቦታው ከመንገዱ ዳር ያለው የጥጥ መጋዘን ሆነ፤ መስኮቶቹን በጆንያ ጋርደው ቀኑን አጨለሙት። ሁሉም ሰው እንዲመጣ ታዘዘ። ሥዕሉ የሚያርፍበትን ነጭ ጨርቅ እንዲያዘጋጅ የታዘዘው አባቴ ነው። የሸማኔ ጨርቅ ወርዱ ጠባብ ስለሆነ ስድስቱን ጎን ለጎን ሰፍቶ አገናኘው። ጨርቁን ወጥሮ ከማገሩ ጋር ያሰረው ገመድ እየላላ ስላስቸገረ፣ «አንተ ከኋላ ሆነህ ያዝ» ተባለ። ስለዚህ ከጨርቁ ጀርባ ቆመ። ድምፅ የሚወጣበት ትልቁ ሣጥንም እዚያው ከእሱ አጠገብ ነበር። እኛ ሴቶቹ በግራ በኩል መሬት ላይ ተቀመጥን፤ እኔ እትዬ ሰዓዳ ከምትባል ቅቤ ሻጭ ጎረቤታችን ጎን ነበርኩ። ጣሊያኖቹ ከፊት ወንበር ላይ ናቸው። በሩ ተዘጋ፤ አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ጥቁር ወታደር፣ ጠመንጃውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

አስተርጓሚው ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ከሐማሴን በኩል የመጣ ሰው ነበር። እውነተኛ ስሙን ማንም አልያዘውም፤ ካፒቴኑ ያለ እሱ አንድ ቃል ስለማይናገር ሰዉ «ምላሱ» ይለው ነበር። «ካፒቴኑና ምላሱ መጡ» ይባላል። ምላሱ ከጨርቁ ጎን ቆሞ፣ በቆርቆሮ ጥሩምባ እየጮኸ ጣሊያንኛውን ወደ አማርኛ ይመልስልን ጀመር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ሀብታም ሰው ቤቱ ውስጥ፣ በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ፣ በጩቤ ተወግቶ ተገኘ። ባርኔጣ ያደረገ መርማሪ መጣ። ቤቱ ውስጥ ሚስትየዋ፣ ወንድምየው፣ ሐኪሙና ሠራተኛዋ አሉ። መርማሪው አመድ ያሸታል፣ መጋረጃ ይገልጣል፣ ሲጋራ ያጨሳል። አንድ ቀን ያልፋል፤ ሁለተኛው ይመጣል። ሰዉ ከሥዕሉ መንቀሳቀስ ድንጋጤ ተላቆ መነጋገር ሲጀምር ከሁሉ በፊት ያነሣው አንድ ነገር ነበር።

«ሟቹን አይቀብሩትም እንዴ?» አሉ አባ ያሲን።

«ይቀበራል፣ ዝም ብላችሁ እዩ» አለ ምላሱ።

«ከትናንት ወዲያ የሞተ ሰው እኮ ነው! ኧረ በአላህ!»

«እነሱ አገር ብርድ ነው፣ አባቴ።»

«ብርድ ቢሆንስ? ገናዥ የለውም? ወንድሙ እዚያ ቁጭ ብሎ መጠጥ ይጠጣል!»

«ሚስቲቱንስ አላያችኋትም?» አለች እትዬ ሰዓዳ። «ባሏ ተጋድሞ እሷ ዓይኗን ተኩላለች። እሷ ናት። በኋላ ሰዓዳ አላለችም እንዳትሉ።»

«ደጁ ጭቃ ነው፤ የእግሩን ኮቴ የማይከተለው ምን ሆኖ ነው?» አለ ሌላው። «እኛ ጋ ቢሆን ምሳ ሳይደርስ አጣዬ ድረስ ሄደን ይዘነው እንመጣ ነበር።»

የመርማሪው ፊት ትልቅ ሆኖ ሲመጣ የአባቴ ስፌት ከግንባሩ እስከ አገጩ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሽ ፊቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ግማሹ ከፍ ብሎ ያየናል። እኔን ያየኛል። ከዚያ መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ፤ በሩን ዘጋ፤ ረጅም ንግግር አደረገ። ምላሱ ጥሩምባውን ከአፉ አንሥቶ ትንሽ ቆመ። ቃል ያጣ መሰለኝ። ከዚያ፣

«እንግዲህ መርማሪው አውጫጭኝ ተቀመጡ አለ» ብሎ ጮኸ። «ገዳዩ እስኪታወቅ ከዚህ ቤት ማንም አይወጣም። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገር!»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ አባ ያሲን ጭናቸውን መተው። «አሁን ገና ሰው ሆነ! በሉ፣ ወፍ ካለ ይምጣ! ወፍ አለ ወይ?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። እስቲ ፍረዱኝ። አገሩ በሙሉ ታዝዞ ተሰብስቧል። በሩ ተዘግቷል፤ አስካሪ ቆሞበታል። ማንም አይወጣም ተብሏል። ወፍን የሚጠሩት በሬው የጠፋ ጊዜ የጠሩት እነዚያው ሽማግሌ፣ በዚያው ድምፅ ነው። እኔ ደግሞ አይቻለሁ። ለማንም ያልነገርኩት ነገር ደረቴ ውስጥ አለ፤ እሳት የሚያጭራት ያጣችው ሴት ትታየኛለች። ሥዕሉና መጋዘኑ ተቀላቀሉብኝ። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ወፍ እኔ ነኝ» አልኩ። «አይቻለሁ!»

ቀጥሎ የማወጣው ቃል «አባቴ» ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር።

መጋዘኑ ጸጥ አለ። ጸጥ ማለቱ ነው የገደለን፤ ሰዉ መሳቁን ቢቀጥል ጣሊያኖቹ ዞረው አያዩም ነበር። እትዬ ሰዓዳ ቀሚሴን ጨምድዳ ወደ ታች ጎተተችኝ። ካፒቴኑ አንገቱን አዞረና ምላሱን አንድ ነገር ጠየቀው። ምላሱ ከመነጽሩ በላይ አየኝ። የቱን ያህል እንዳየኝ አላውቅም፤ ለእኔ ረጅም ነበር። ከዚያ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረና አጭር ነገር መለሰለት፤ ከመካከሉ አንድ ቃል ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ኡቼሎ። ጣሊያኖቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩ። እውነትም ማገሩ ላይ ወፎች ጎጆ ሠርተው ነበር። ካፒቴኑ ሳቀ፤ አንዱ ወታደር ወፎቹን እየጠራ አፏጨ።

«ቁጭ በይ፣ አንቺ ልጅ!» አለ ምላሱ በጥሩምባው። «ወፎቹን ተያቸውና ሲኒማሽን እይ!»

ጨርቁ ላይ መርማሪው ገና ይናገራል። እያንዳንዳቸውን በጣቱ ይጠቁማል፤ ሠራተኛዋ ታለቅሳለች፤ ሐኪሙ ይነሣል፣ ይቀመጣል። ምላሱ ግን ዝም አለ፤ ብዙ ዝም አለ። ሰዉ «ማን ነው? ማን አለ? ንገረን እንጂ!» ሲል፣

«ሟቹ አልሞተም ኖሯል» አለ።

እንዲያ ያለ ጩኸት ሮቢት ውስጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። «አልሞተም?» አሉ አባ ያሲን ተነሥተው። «ሦስት ቀን ተጋድሞ ያየሁት ማን ነው ታዲያ?»

«መንታ ወንድሙ ነው።»

«የምን መንታ?»

«መንታ ነበረው። ገዳዩ ራሱ ሟች የተባለው ሰው ነው። መንታውን ገድሎ ተደበቀ።»

«መንታ ከነበረው ጎረቤት አያውቅም?» አለች እትዬ ሰዓዳ። «አዋላጇስ? መንታ እንዴት ይደበቃል? ሚስቲቱ ባሏን ከወንድሙ አትለይም? እኔን ሥራ አስፈትታችሁ ልታታልሉኝ ነው የጠራችሁኝ?»

ምላሱ ትከሻውን ነቀነቀ። ሥዕሉ ተቋረጠ፤ ጆንያዎቹ ተገለጡ፤ ዓይናችንን እያሸን ወደዚያ የሚነድ ፀሐይ ወጣን። ሰዉ ለአንድ ሳምንት ያወራው ስለ መንታው ነበር። ሮቃው ሥር፣ ወንዝ ዳር፣ መስጊድ ደጅ፣ መንታው እንዴት እንደተደበቀ ይከራከሩ ነበር። ተነሥታ ስለጮኸችው ልጅ የጠየቀ የለም። እትዬ ሰዓዳ ብቻ በመንገድ ላይ ጆሮዬን ይዛ «ምን አይተሽ ነው?» አለችኝ። «ሠራተኛዋ ናት የገደለችው፤ አይቻታለሁ» አልኳት። «ያች አልቃሻ? ኧረ ተይ!» ብላ ለቀቀችኝ። አባቴ ከጨርቁ ጀርባ ጸጉሩ ላይ ጥጥ እንደተጣበቀበት ወጣ። የእጄን ጣት ሳይይዝ ከፊቴ ሄደ። አልሰማም አልኩ ለራሴ፤ ያ ሣጥን ከጎኑ እንዲያ እየጮኸ እንዴት ይሰማል?

ከሁለት ቀን በኋላ የጉድጓዱ አፈር ለስልሶ አየሁት፤ በጣቴ ብጭረው ሽቦው የለም። ተሰቃይም አልተገኘም። ካፒቴኑ ሌላ ሽቦ አስዘረጋ፤ ነገሩ ተረሳ። ምላሱ ወር ሳይሞላው ከሮቢት ጠፋ። ወደ ደሴ ተዛወረ ያለ አለ፤ ታሰረ ያለ አለ፤ ወደ አገሩ ተመለሰ ያለም አለ። በምትኩ የመጣው ቀልድ የማያውቅ ሰው ነበር።

እኔና አባቴ ግን ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። ተጣላን ማለቴ አይደለም። «ማግ አቀብዪኝ» ይላል፤ አቀብላለሁ። ዓይኑን ማየት ግን አልቻልኩም፤ ባየሁት ቁጥር ሮቃው ይታየኛል። ከገበያ ሸንኮራ ያመጣልኛል፤ አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። ታማ ይሆናል ብሎ አንድ ሸህ ጋ ወስዶ ቁርአን አስቀራብኝ። «ዓይነ ጥላ ነው፣ ይለቃታል» አሉት። ድሯ ምን አለችሽ ብሎ መጠየቁን ተወ፤ እኔም ምን እንዳለች መስማቴን ተውኩ። መወርወሪያው ብቻ ይመላለሳል። ጣሊያን ሄደ፤ አደግሁ፤ ተዳርኩ፤ ባሌ «ከአንቺ ጋር መኖር ከግድግዳ ጋር መኖር ነው» ብሎ ፈታኝ፤ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። ሁለት ዝምተኛ ሰዎች አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ቤቱ ከአንድ ሰው ቤት ይልቅ ጭር ይላል።

ሠላሳ ሊሞላኝ ሲል ነው ትምህርት ቤት የገባሁት። ከእኔ ባነሱ ልጆች መካከል፣ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ፣ ሀ ሁ አልኩ። ፊደል ከሰው ይልቅ ተስማማኝ። ኋላም እዚያው ትምህርት ቤት መጽሐፍ አዋሽና ተቀባይ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ጫፉን አጥፎ የሚመልስ ተማሪ ከእኔ ጋር ዕርቅ የለውም ነበር። አንድ ቀን የተጣለ ሣጥን ውስጥ አሮጌ የጣሊያንኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አገኘሁ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ኡቼሎን ፈለግሁ። ወፍ ይላል። ሌላ ምንም አይልም። በራሪ፣ ክንፍ ያላት፣ የማገሯ ወፍ።

እንግዲህ እኔ ነገር የምመዝን ሰው ነኝና መዘንኩት። አውጫጭኝ የሚለውን ቃል ራሱ አመጣው፤ አውጫጭኝን የሚያውቅ ወፍን እንዴት አያውቅም? ግን ቃሉን ከጸሐፊዎች ቢሮ ሰምቶ፣ ሥርዓቱን ሳያውቅ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ የእሱ አገር ሰዎች ወፍን ዑፍ ነው የሚሏት፣ ለእሱ ወፍ ወፍ ናት። ማገሩ ላይም ወፎች ነበሩ። ከዚያ መንታውን እወስዳለሁ። ጨርቁ ላይ መርማሪው አራቱን ሁሉ እየጠቆመ ሲናገር አይቻለሁ፤ መንታ ግን አላየሁም። ሰዉ እንዲከራከር፣ እኔን እንዲረሳ ብሎ የፈጠረው አይሆንም? ይህን ስል ደግሞ በዕድሜዬ ያየኋቸው የወንጀል ፊልሞች ይመጡብኛል፤ ግማሾቹ ውስጥ መንታ አለ። ምናልባት ፊልሙ ራሱ ነው የማይረባው። ያ ሰው ለማያውቃት የሸማኔ ልጅ ብሎ አንገቱን አስይዞ ይሆናል፤ ወይም አንድ ቃል በትክክል ተርጉሞ መንገዱን ሄዶ ይሆናል። ላመሰግነው እፈልጋለሁ፤ ግን ማመስገን እንዳለብኝ እንኳ አላውቅም።

ለማንም አልተናገርኩም ነበር። የተናገርኩት አርባ ሊሞላኝ ሲል፣ የረመዳን ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። እኛ ጋ ጾም ከመግባቱ በፊት ሰው ሰውን አፉ በለኝ ይባባላል፤ ይቅር በለኝ ማለት ነው። አባቴና እኔም በየዓመቱ እንባባላለን፤ እሱ «አፉ በይኝ» ይላል፣ እኔ «አፉ ብያለሁ፣ እርስዎም አፉ በሉኝ» እላለሁ፣ ያልቃል። በዚያ ዓመት አባቴ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ሽመናውን ትቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ አጎዛ አንጥፎ ተቀምጦ ጠራኝ።

«ዘሀራ፣ አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ፣ አባ። እርስዎም አፉ በሉኝ» ብዬ ልሄድ ተነሣሁ።

«እንደ ሁልጊዜው አትበይ» አለኝ። «ምን እንደበደልኩሽ ንገሪኝና አፉ በይኝ። ሳላውቀው መሞት ከብዶኛል።»

«ኧረ ምን በደሉኝ፣ አባ? ምንም!»

«ሰምቼሻለሁ» አለ። ወደ መንገዱ እንጂ ወደ እኔ አላየም። «ከጨርቁ ጀርባ ነበርኩ። ‹ወፍ እኔ ነኝ› ስትዪ ሰምቻለሁ። ማየትሽንም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ልጄ እኔን ለጣሊያን ለመስጠት የተነሣችው ምን ብበድላት ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። መትቻት ይሆን እላለሁ፤ አልመታሁሽም። እናት ስለሌላት ጎድሎባት ይሆን እላለሁ። ልጠይቅሽ ስል ደግሞ ዓይንሽን ትደፊብኛለሽ። ጠልታኛለች ብዬ ተውኩት።»

እኔ ስንት ዓመት እሱ እንዳያውቅ ስፈራ፣ እሱ ስንት ዓመት አውቆ ምክንያቱን ሲፈልግ። ከአጎዛው ጫፍ ቁጭ አልኩ።

«አባ፣ አውጫጭኝ መስሎኝ ነው።»

«የቱ?»

«ሲኒማው።»

ዞሮ አየኝ። «ሲኒማው?»

«በሩን ዘጉት። አባ ያሲን ወፍ አለ ወይ ብለው ጠሩ። ያየ ካልተናገረ አገር ይጠላዋል ብዬ ነው። እርስዎን ጠልቼ አይደለም።»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ መለየት አልቻልኩም፤ እሱም የለየው አይመስለኝም። እጁን ዘርግቶ ራሴ ላይ አኖረው፤ እንደዚያ ካደረገ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው።

«ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አለኝ።

ፈጅር ሰላት ሄዶ ከዘገየበት ጀመርኩ። ፀሐይ ጠልቆ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ነገርኩት፤ አንድም ጊዜ አላቋረጠኝም።